የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ሲከብድ፦ ለሰዋስው የትኛው እገዛ፣ ለሥነ ጽሑፍ የትኛው?

አንድ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ወረቀት ላይ ከላይና ከታች የተጻፉ ሁለት ጥያቄዎች ፈጽሞ የተለያየ እገዛ ሊፈልጉ ይችላሉ። አንዱ ባዶ ቦታ ሰጥቶ ትክክለኛውን የግሥ ቅርጽ ምረጡ ይላል፤ መልሱ አንድ ነው፣ ሕግ አለው፣ መጽሐፍ ተገልጦ ይረጋገጣል። ሌላው በታሪኩ ውስጥ ያለችው እናት ለምን ዝም እንዳለች አብራሩ ይላል፤ እዚህ ላይ ከአንድ በላይ መልስ ያስኬዳል፣ ከጽሑፉ የተመዘዘ ማስረጃ የሌለው መልስ ግን ነጥብ አያገኝም። አብዛኛው ተማሪ ሁለቱንም ይዞ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ስልኩ ላይ ቀድሞ ወደተከፈተው። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

እዚህ ያሉትን እገዛዎች የምንመዝነው በፍጥነታቸው አይደለም። መለኪያችን ተማሪው ተመሳሳዩን ጥያቄ ነገ ብቻውን ሊሠራው መቻሉ ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀምረዋል፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም የሚፈተነው ትምህርት ነው። የቤት ሥራውን የሠራው ስልኩ ከሆነ፣ ፈተናው ላይ ስልኩ የለም።

ቃል ሲቸግር

የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ፓሴጅ ስታነቡ ይጠቅማል፤ ቃሉን አይታችሁ ወዲያው ወደ ንባቡ ትመለሳላችሁ። ቃሉን ራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልታስገቡት ስትሉ ግን አይበቃም። «ዲስከስ» የሚለውን ብትፈልጉ «ተወያየ» ይላችኋል። በአማርኛ የምንወያየው «ስለ» አንድ ነገር ስለሆነ፣ እጃችሁ ሳታስቡት «ዲስከስ አባውት ዘ ፕሮብለም» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግን መሐል ላይ ፕሪፖዚሽን አይፈልግም፤ «ዲስከስ ዘ ፕሮብለም» ብቻ ነው። ሁለት ቋንቋ የያዘው መዝገበ ቃላት ይህን አይነግራችሁም።

የሚነግሯችሁ ለቋንቋ ተማሪዎች ተብለው የተዘጋጁት እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ናቸው። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን ሦስቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ፍቺውን ከማንበባችሁ በፊት ከቃሉ ጎን በቅንፍ የተቀመጡትን ምልክቶች ተመልከቱ። ከግሥ ጎን «ቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ሙሉው ቃል «ትራንዚቲቭ» ካለ ግሡ ተሻጋሪ ነው፣ ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል፤ «አይ» ወይም «ኢንትራንዚቲቭ» ከሆነ ተሳቢ አይወስድም። ከስም ጎን «ዩ» ወይም «አንካውንተብል» ካለ ስሙ አይቆጠርም፤ ስለዚህ «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር» ላይ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይጨመርም፣ ከፊታቸውም «ኤ» ወይም «አን» አይገባም። በእነዚህ በሦስቱ ቃላት ብቻ ስንት ነጥብ እንደሚሄድ የእንግሊዝኛ መምህራን ያውቁታል።

ሎንግማን ፍቺዎቹን የሚጽፈው 2000 ያህል ቀላል ቃላትን ብቻ ተጠቅሞ ነው። አንድ ቃል ለመረዳት ሌሎች ሦስት ቃላት መፈለግ ለሚሰለቸው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው ብለን እናምናለን። የትኛውንም ብትይዙ ግን የመጀመሪያው ፍቺ ላይ አትቁሙ። ፓሴጁ ውስጥ ያለው ቃል ግሥ ሆኖ ሳለ የስሙን ፍቺ ይዞ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው። ደብተራችሁ ላይም የምሳሌውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቅዱት፤ ፍቺው ብቻውን ቃሉን እንዴት እንደምትጠቀሙበት አያሳይም።

አንድ የሰዋስው ጥያቄ በየእገዛው ሲታይ

ጥያቄው ይህ ነው እንበል፦ «አይ ባዶ ቦታ ሂር ሲንስ 2010»። ምርጫዎቹ ሀ. ሊቭ፣ ለ. አም ሊቪንግ፣ ሐ. ሀቭ ሊቭድ፣ መ. ሊቭድ። መልሱ ሐ ነው። ብዙ ተማሪ ግን ሀን ይመርጣል፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ከ2010 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ነው የምንለው፣ «እኖራለሁ» ደግሞ በጭንቅላቱ ውስጥ «ሊቭ» ሆኖ ይተረጎማል።

በቴሌግራም የሚዞረው የመልስ ወረቀት «ሐ» ብሎ ያልፋል። ያንን ገልብጦ የወሰደ ተማሪ «ሲንስ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ኢን» ቢገባበት መልሱ ወደ መ እንደሚዞር አያውቅም። በዚያ ላይ የመልስ ወረቀቶቹ ራሳቸው ይሳሳታሉ፤ አንዱ የጻፈውን ስህተት ሌላው ቻናል እንዳለ ይለጥፈዋል። ጥያቄዎቹ ግን ለልምምድ ጥሩ ናቸው። ወረቀቱን ከማመናችሁ በፊት መልሳቸውን በእርግጠኝነት የምታውቋቸውን አምስት ጥያቄዎች መርጣችሁ ከመልሱ ጋር አስተያዩ፤ አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ወረቀቱን ለጥያቄዎቹ ብቻ ተጠቀሙበት።

የሰዋስው መጽሐፍ ቀርፋፋ ይመስላል፤ ርዕሱን ፈልጎ ሕጉንና ምሳሌዎቹን ለማንበብ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃው ግን የሚከፍለው ለአንድ ጥያቄ አይደለም። «ሲንስ» መነሻ ጊዜን እንደሚይዝ፣ «ፎር» የጊዜ ርዝመትን እንደሚይዝ፣ ሁለቱም ያለፈን ነገር ከአሁን ጋር ሲያገናኙ ግሡ ወደ ፕረዘንት ፐርፌክት እንደሚሄድ፣ «የስተርደይ» ወይም «አጎ» ካለ ግን ወደ ፓስት ሲምፕል እንደሚመለስ በአንድ ገጽ ታገኙታላችሁ። የመማሪያ መጽሐፋችሁም በየዩኒቱ የሰዋስው ክፍል አለው። የቤት ሥራው የተነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ዩኒት ስለሆነ ፍለጋው ከዚያ ቢጀመር ይሻላል። ልምምድ ሲያስፈልግ የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ ገጽ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ1 (ከፍተኛ) በደረጃ የተከፋፈሉ፣ ወዲያው የሚታረሙ ነጻ መልመጃዎች አሉት። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ብላችሁ በከፍተኛው ደረጃ አትጀምሩ፤ ቢ1 ላይ ጀምራችሁ ከአሥር ስምንት ስታገኙ ወደ ላይ ውጡ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ቻትጂፒቲም ሆነ ሌላው፣ እንዲህ ባለ የተለመደ የሰዋስው ጥያቄ ላይ ጥሩ ነው፤ አማርኛም ይመልሳል። ሁለት ድክመት ግን አለው። አንደኛ፣ በትክክል መልሶላችሁ ሳለ «መምህራችን ግን ሀ ነው ብለዋል» ብትሉት ይቅርታ ጠይቆ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ በጥያቄያችሁ ይወዛወዛል። ሁለተኛ፣ መልስ ብቻ ከጠየቃችሁት መልስ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ አጠያየቁን ቀይሩት። «ሐን መርጫለሁ። ሀ፣ ለ እና መ ለምን እንደማይሆኑ አንድ በአንድ ንገረኝ፤ ከዚያ ተመሳሳይ አምስት ጥያቄ ስጠኝ፣ መልሱን ግን ሠርቼ እስክልክልህ አታሳየኝ» በሉት። የሦስቱ ስህተቶች ምክንያት ከትክክለኛው መልስ ምክንያት የበለጠ ያስተምራል፤ ፈተና ላይ የሚያሳስቷችሁ እነሱ ናቸውና።

መምህር ወይም አስጠኚ ደግሞ ሌላው የማያየውን ያያል፤ ስህተቱ ከአማርኛችሁ እንደመጣ።

ከአማርኛ የሚወረሱ ስህተቶች

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው አብዛኛው የሰዋስው መጽሐፍ አማርኛ ተናጋሪን አስቦ አልተዘጋጀምና።

ሪፖርትድ ስፒችን ውሰዱ። በአማርኛ «ዳዊት ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው ዳዊት ነው፤ የሰውየውን ቃል እንዳለ አስቀምጠን «አለ» እንጨምራለን። ተማሪው ቃል በቃል «ዳዊት ሴድ አይ ዊል ካም ቱሞሮው» ብሎ ከጻፈ፣ የእንግሊዝኛ አንባቢ የሚመጣው ጸሐፊው ራሱ ነው ብሎ ይረዳል። ትክክለኛው «ዳዊት ሴድ ሂ ውድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ» ነው፤ ተውላጠ ስሙ ተቀየረ፣ ግሡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ «ነገ» የሚለውም «በማግሥቱ» ሆነ። ሦስት ለውጥ አለ፤ ተማሪ አንዱን አስታውሶ ሁለቱን ይረሳል። የስህተት ማረሚያ ሶፍትዌር ደግሞ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ሰዋስውነቱ ትክክል ነዋ! የተበላሸው ትርጉሙ ነው።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ። «ምንም እንኳ ቢዘንብ ነገር ግን ሄድን» ስለምንል «ኦልዞው» እና «በት» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባሉ፤ በእንግሊዝኛ አንዱ ብቻ ይበቃል። «አስረዳኝ» ውስጥ «ኝ» ስላለ «ኤክስፕሌን ሚ» ይጻፋል፤ መሆን ያለበት «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ነው። ለአሉታዊ ጥያቄ የምንሰጠው መልስም አለ፤ «አልበላህም?» ስንባል ካልበላን «አዎ» ልንል እንችላለን። እንግሊዝኛው ካልበላችሁ «ኖ» ነው፣ ጥያቄው እንዴትም ይቅረብ። ንግግር ማሟላት በሚሉ ጥያቄዎች ላይ ተማሪ የሚወድቀው ሕግ ስለጠፋው አይደለም፤ የአማርኛው «አዎ» ስለሚቀድመው ነው።

እነዚህን ለማረም አማርኛ የሚችል ሰው ይሻላል። ሰው ከሌለ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ የጻፋችሁትን እንግሊዝኛና ልትሉ የፈለጋችሁትን አማርኛ ሁለቱንም ስጡት፤ «እንግሊዝኛዬ አማርኛዬ የሚለውን ይላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አማርኛውን ካልሰጣችሁት ያሰባችሁትን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ማረሚያ ሶፍትዌርና የትርጉም መተግበሪያ

የማረሚያ ሶፍትዌር ጥሩ የሚሆነው የፊደል ግድፈት፣ የነጠላና የብዙ ቁጥር አለመጣጣም፣ የጎደለ አርቲክልና የሥርዓተ ነጥብ ጉድለት ላይ ነው። መጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የብሪታንያ ወይም የአሜሪካ እንግሊዝኛ ምረጡ፤ አለዚያ መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ትክክል የሆነውን ቃል ቀይ ያሰምርበታል። ሁሉንም በአንድ ጠቅታ አትቀበሉ። አንድ በአንድ እያያችሁ ደብተር ላይ በሦስት ዓምድ ጻፉ፤ የጻፍኩት፣ የታረመው፣ ምክንያቱ። ምክንያቱን መጻፍ ያቃታችሁ እርማት ለመምህር የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ተማሪው የታረመውን ብቻ ሲያስረክብ ነው፤ መምህሩ ወረቀቱን አይቶ ልጁ አርቲክል ላይ ችግር የለበትም ብሎ ያልፋል።

የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ረጅም ፓሴጅ ምን ላይ እንደሚያጠነጥን ለመገመት ይበቃል። ኢሴይ በአማርኛ ጽፎ በእሱ ማስተርጎም ግን አይመከርም። «አባቴ መጡ። ቡና ጠጡ።» ብላችሁ ብትሰጡት የመጀመሪያውን በትክክል ተርጉሞ ሁለተኛውን «ዘይ ድራንክ ኮፊ» ሊለው ይችላል፤ የአክብሮት «ጡ» የብዙ ሰዎች «ጡ» ይመስለዋል። ስለ አያታችሁ አንድ ገጽ ከጻፋችሁ፣ አያታችሁ መሐል ላይ ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። ለግጥም ፈጽሞ አትጠቀሙበት፤ ዘይቤውን ቃል በቃል ያፈርሰዋል።

ሥነ ጽሑፍ ላይ

መጀመሪያ አንድ የማይታሰብበት ሀብት አለ፤ የአማርኛ ትምህርታችሁ። ተነጻጻሪ ዘይቤን የተማረ «ሲሚሊ»ን ያውቃል፤ ተለዋጭ «ሜታፎር» ነው፣ ሰውኛ «ፐርሶኒፊኬሽን»፣ ግነት «ሃይፐርቦሊ»፣ ምጸት «አይረኒ»። የአማርኛ ደብተራችሁን ከእንግሊዝኛው ጎን ክፈቱት፤ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮም ቃል ከላይ ሌላ፣ ከሥር ሌላ ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስንኝ ወርቅ አይደብቅም። ዝናብ አንዳንዴ ዝናብ ብቻ ነው፤ ከጽሑፉ ውስጥ ሌላ የሚደግፈው ነገር ካላገኛችሁ ምልክት ነው ብላችሁ አትሟገቱ።

ለሥነ ጽሑፍ ጥያቄ አራት የእገዛ አማራጮች አሉ፤ ጽሑፉን ራሱን ደግሞ ማንበብ፣ ማጠቃለያ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እና ሰው። ልዩነታቸውን በምሳሌ እንየው። በመማሪያ መጽሐፍ ያለ አጭር ታሪክ መጨረሻ ላይ «በሩ ክፍት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ ግን ማንም አልነካውም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። ጥያቄው፦ ጸሐፊው የብቸኝነትን ስሜት እንዴት ፈጠረ?

ማጠቃለያ «በመጨረሻ ሴትዮዋ ብቻዋን ትቀራለች» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ምን ሆነ አይደለም፣ እንዴት ነው። ማጠቃለያ «እንዴት»ን አይመልስም፤ ቃላቱን ጥሎ ድርጊቱን ብቻ ስለሚይዝ። ማጠቃለያ የሚጠቅመው ረጅም ልብ ወለድ ወይም የድሮ ቲያትር ሲሆን፣ ያውም ከንባብ በፊት ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት አጫጭር ታሪኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ማጠቃለያ የላቸውም፤ ተመሳሳይ ርዕስ ያለው የሌላ ታሪክ ማጠቃለያ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ታሪኩን ሳትሰጡት ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ አላውቀውም አይልም። የሚመስል ነገር ይጽፋል፤ ታሪኩ ውስጥ የሌለ ጥቅስ ፈጥሮ በትምህርተ ጥቅስ ሊያስቀምጥ፣ የገጽ ቁጥርም ሊጨምር ይችላል። ሥነ ጽሑፍ ላይ ትልቁ አደጋው ይህ ነው። ስለዚህ ፓሴጁን ፎቶ አንስታችሁ ወይም ጽፋችሁ ስጡትና «መልሱን አትንገረኝ። ይህን ጥያቄ እንድመልስ የሚመሩኝን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቀኝ» በሉት። የሚሰጣችሁን ጥቅስ ሁሉ መጽሐፉ ላይ በጣታችሁ ፈልጉት። ካላገኛችሁት አይጻፍም። ሥራው የቆየና የቅጂ መብቱ ያለፈ ከሆነ፣ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ሙሉ ጽሑፉን በነጻ ይሰጣል፤ እዚያ ሙሉ ጽሑፉን ከፍታችሁ በብራውዘራችሁ «ገጹ ውስጥ ፈልግ» በሚለው ላይ ጥቅሱን ብታስገቡ መኖር አለመኖሩ በሰከንድ ይታወቃል።

ጽሑፉን ደግሞ ማንበብ ከሁሉም ርካሹ ነው፣ ከሁሉም የሚሸሸውም እሱ ነው። ለአጭር ታሪክ ሦስት ጊዜ አንብቡ። መጀመሪያ ሳታቋርጡ፤ ቀጥሎ ጥያቄውን ይዛችሁ ስሜቱን የሚያመጡ ቃላት ሥር በእርሳስ እያሰመራችሁ፤ በመጨረሻ ያሰመራችሁበትን ብቻ። ከዚያ አንቀጹ እንዲህ ይገነባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳባችሁን ይናገራል። ቀጥሎ ከአሥር ቃል ያልበለጠ ጥቅስ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ጥቅሱ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ምን እንደሚሠራ ያስረዳሉ፤ «በሩ ክፍት» መሆኑ እንግዳ መጠበቋን ያሳያል፣ ዳቦው «ማንም» አለመንካቱ የጠበቀችው አለመምጣቱን ሳይናገር ይናገራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ ጥያቄው ይመልሳል። ከ80 እስከ 120 ቃል ይበቃል። ብዙ ነጥብ የሚጠፋው የዘይቤውን ስም ጠርቶ መቆም ላይ ነው፤ «ጸሐፊው ሜታፎር ተጠቅሟል» ብሎ የሚያበቃ መልስ ገና አልጀመረም።

ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ቦታና መጽሐፍ የቸገረው የአዲስ አበባ ተማሪ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለለት፤ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው የሰዋስው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ ፕረዘንት ፐርፌክት በሃያ ዓመት አልተለወጠም።

ሰው ሲመረጥ

ከሁሉ በፊት የክፍል መምህራችሁ አለ፤ ክፍያ የለውም፣ የክፍሉን ፈተና የሚያወጣውም እሱ ነው። ተማሪዎች የማይጠቀሙበት «አልገባኝም» ብለው ስለሚቀርቡ ነው፤ በአምስት ደቂቃ እረፍት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለም። አንድ ጥያቄ፣ ከሙከራችሁ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። «መምህር፣ ሀን መርጬ ነበር፤ ምክንያቴ ይሄ ነው። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» የተባለ መምህር በሁለት ደቂቃ ያርማችኋል።

አስጠኚ ስትቀጥሩ እንግሊዝኛው ሲናገር መጣፈጡ አያታልላችሁ። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ልጁ የተሳሳተውን አንድ የምርጫ ጥያቄ ስጡትና ተመልከቱ። መልሱን ከነገረ ጎበዝ ተማሪ ነው። «ለምን ይሄን መረጥክ?» ብሎ ልጁን ከጠየቀ አስተማሪ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ልጁ ብቻውን የሚሠራበት ጊዜ ይጠፋል፣ የቤት ሥራው የአስጠኚው ይሆናል። ከወር በኋላም ልጁ ብቻውን ሲቀመጥ አንድ አንቀጽ መጻፍ ካቃተው፣ ችግሩ የሰዓቱ ማነስ አይደለም። ወጪው ከከበደ ሦስት ወይም አራት ልጆች ሆነው አንድ አስጠኚ መያዝ ለሰዋስው ምንም አይቀንስም። የጽሑፍ እርማት ግን ለየብቻ ይሁን፤ የአንዱ ስህተት የሌላው አይደለም።

የጥናት ቡድን የሚበላሸው አንዱ ሠርቶ ሌላው ሲገለብጥ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉም ለየብቻው ሠርቶ ይምጣ፣ ከዚያ መልሳቸው የተለያየባቸው ጥያቄዎች ላይ ብቻ ተከራከሩ። ሁላችሁም የተስማማችሁበት ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ውጭ አገር ላሉ ልጆችና ወላጆች

እዚያ የሥነ ጽሑፉ ድርሻ ይከብዳል፤ ምርጫውም ይለያል። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች በ16 ዓመት ገደማ የሚወስዱት የጂሲኤስኢ የሥነ ጽሑፍ ፈተና መጽሐፍ ሳይያዝ የሚሰጥ ሲሆን የሼክስፒር ቲያትር፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድና ግጥም ይጠየቅበታል። ስለዚህ እዚያ ያለ ልጅ አጫጭር ጥቅሶችን በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ የሚጠቅሰው ያጣል። በእስራኤል በባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) እንግሊዝኛን በ4 ወይም በ5 ነጥብ ደረጃ የሚወስዱ ተማሪዎች (ነጥቡ ውጤት ሳይሆን የትምህርቱ ደረጃ ነው) የሥነ ጽሑፍ ሞጁል አላቸው። በአሜሪካ ደግሞ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአባልነት ካርዳቸው ብቻ በኢንተርኔት ነጻ የአስጠኚ እገዛ ይሰጣሉ፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የከተማችሁን ጠይቁ።

አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ትምህርት ቤቶች ጽሑፉን ሰው ይጻፈው ማሽን እንለያለን በሚሉ ሶፍትዌሮች ይጠቀማሉ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እነዚህ መለያዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን አብዝተው በማሽን የተጻፈ ይሉታል። ልጃችሁ ሳያጠፋ እንዳይጠረጠር የሚጽፈውን በጉግል ዶክስ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ይጻፍ፤ የለውጦቹ ታሪክ ከነሰዓቱ ይመዘገባል፣ ሲጠየቅ ያሳያል። ከሌላ ቦታ ገልብጦ አንድ ጊዜ የተለጠፈ ጽሑፍ ይህ ማስረጃ የለውም።

እንግሊዝኛ የማትችል እናት ለልጇ የሥነ ጽሑፍ ቤት ሥራ ምንም ማድረግ አትችልም ብለው የሚያስቡ ተሳስተዋል። «እስቲ ታሪኩን በአማርኛ ንገረኝ» ትበለው። ነግሯት ሲጨርስ «ልጅቷ ማዘኗን በምን አወቅህ? የትኛው ገጽ ላይ ነው? አሳየኝ» ትበለው። ልጁ መጽሐፉን ገልጦ አንዱ መስመር ላይ ጣቱን ካሳረፈ፣ የአንቀጹን ጥቅስ አገኘ። ካጣ ደግሞ ታሪኩን ከማጠቃለያ እንጂ ከመጽሐፉ አላነበበውም።

የቤት ሥራው ለነገ ጠዋት ከሆነ

ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቷችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ምንም እገዛ በእርሳስ ሞክሩ፤ ከሰላሳ ደቂቃ አይብለጥ። ከሰዋስው ጥያቄዎቹ እርግጠኛ ያልሆናችሁባቸውን ብቻ ለይታችሁ፣ ለነሱ መማሪያ መጽሐፉን፣ ካልበቃ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ተጠቀሙ፤ ሌላ ሰላሳ ደቂቃ። የቀረው አንድ ሰዓት ሙሉውን ለሥነ ጽሑፉ ይሁን፤ ግማሹ ለማንበብ፣ ግማሹ ለመጻፍ። አሁንም ያልገባችሁ ካለ ባዶ አትተዉት፣ የሰውም አትገልብጡበት፤ የመሰላችሁን ጽፋችሁ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። መምህሩ እርማቱን ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።